ስልኩ «ምስል» ብሎ ያነበበው ጥያቄ

ጥያቄዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን የሰሙ ሰዎች ጥፋቱን በኔትወርኩ፣ በስልኩ፣ በመምህሩ ዓይን ሲያላክኩ ስለምሰማ ነው። ሁሉም የየድርሻው አለው። ጥያቄዎቹ ግን የእኔ ናቸው።

የምሠራው ገንዳ ውሃ፣ መምህራን በሚሠለጥኑበት ተቋም ነው። በቆላው ወረዳዎች የሚያስተምሩትን የአንደኛ ደረጃ መምህራን በየክረምቱ አንድ ቦታ ሰብስበን እናሠለጥን ነበር። መንገዱ አላስተማምን ሲል ግን ሰው መሰብሰብ ከበደ፤ ሥልጠናው በስልክ ይሁን ተባለ። ትምህርቱን በየሳምንቱ በኢንተርኔት እንለቃለን፣ መምህራኑ ባሉበት ያነባሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ስለ ራሳቸው ሥራ ቆም ብለው የሚያስቡበት አንድ ጥያቄ ይሰጣቸዋል። ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው የሚባል መልስ የሌለው፣ እያንዳንዱ ከገዛ ኑሮው የሚመልሰው ጥያቄ። እሱን ክፍል እንዳዘጋጅ ለእኔ ተሰጠኝ።

ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ «እውነት ወይም ሐሰት በሉ» እያልሁ ስፈትን የኖርሁ ሰው ነኝ። ሰው የሆዱን የሚያወጣበት ጥያቄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሙከራ ስናደርግ አንድ ችግር ገጠመን። የመምህራኑ ስልክ አብዛኛው አሮጌ ስለሆነ በአንዳንዶቹ ላይ የአማርኛው ፊደል አልነበብ ብሎ ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረደራል። ገጹን የሠሩት ባለሙያዎች ለትምህርቱ ጽሑፍ መላ አበጁለት፤ እኔ ግን ለጥያቄዬ አላመንኋቸውም። በመስከረም ወደ መተማ ዮሐንስ ስወርድ ያነሣሁት፣ አበባ ያወጣ የሰሊጥ ማሳ ፎቶ ነበረኝ። በእሱ ላይ ጥያቄውን በነጭ ፊደል ጽፌ እንዳለ እንደ ፎቶ ለቀቅሁት። ፎቶ በማንኛውም ስልክ ላይ ያው ፎቶ ነው። አንድም ሰው ሳይታየው እንዳይቀር ብዬ ነው ያደረግሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ «በመምህርነትዎ ጥንካሬዬ የሚሉት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ከሦስት መቶ ቃል ያነሰ መልስ ገጹ አይቀበልም። ጥያቄው ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ይዘጋል። ከሌላ ሰው እንዳይገለብጡ ነበር ዓላማዬ።

አርባ አንድ መምህራን ነበሩ። የአርባዎቹ መልስ ደህና ነበር፤ አንዳንዱማ የሚያስደስት። አርባ አንደኛው ግን «ጥያቄው አልታየኝም» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር እየደጋገመ፣ እየደጋገመ ሦስት መቶ ቃል ሞልቶ ልኳል። ጥያቄው አልታየኝም። ጥያቄው አልታየኝም። ከላይ እስከ ታች።

ሰው አንድን ነገር ልብ ሳይል ሲቀርም «አልታየኝም» ይላል። እኔም እንደዚያ ነው የወሰድሁት። ዜሮ ሰጥቼ ከሥሩ «ጥያቄው ከላይ አለ፤ እባክዎ ከፍተው ይመልከቱ» ብዬ ጻፍሁለት። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ላከ። እኔም ያንኑ ጻፍሁ። በሦስተኛው እንደዚያው። መዝገቡን ሳይ ከሽንፋ ወዲያ፣ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር፣ ሃያ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ጡረታውን የሚጠብቅ ሰነፍ ነው ብዬ በልቤ ደመደምሁ። ደውዬ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብሁም።

በዚያው ሰሞን መተማ ዮሐንስ የምታስተምር አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። ከወለደች ሁለት ወሯ ነበር።

«መምህርት፣ በአንድ እጄ ልጅ ይዤ በአንድ አውራ ጣት ሦስት መቶ ቃል በግማሽ ሰዓት አልችልም» አለችኝ። «እየጻፍሁ ይዘጋብኛል። በአፌ ብናገረው ምን አለበት?»

እውነቷን ነበር። ለአራተኛው ሳምንት በድምፅ መመለስም እንዲቻል አስደረግሁ፤ ለድምፁ የሰዓት ገደብ አላኖርሁበትም። ባለሙያው «ድምፁን ማን ይስማው? አንቺ ብቻ ወይስ ሁሉም?» ብሎ ጠየቀኝ። መምህራን እርስ በርሳቸው ይማማራሉ ብዬ ስለማምን «ሁሉም ይስማ» አልሁት። ለመምህራኑ ግን አልነገርኋቸውም። ይህ ቁም ነገር መሆኑ ትዝም አላለኝ።

የአራተኛው ሳምንት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «የመማሪያ ክፍልዎን እንዴት ያደራጃሉ?» የሚል።

ጥያቄው በተለቀቀ ማግስት ኢንተርኔት ገንዳ ውሃ ላይ ተቋርጦ አምስት ቀን ቆየ። ሲመለስ አንድ ጧት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ድምፆቹን በተራ መስማት ጀመርሁ። የክፍል አደረጃጀት ነው የምሰማው፤ ስለ ወንበር እጥረት፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ፣ ስለ ሙቀቱ። ከዚያ ያ «አልታየኝም» የሚለው ሰው ጋ ደረስሁ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ክፍል ውስጥ ሳይጮህ የሚሰማ የመምህር ድምፅ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት» ብሎ ጀመረ። «ዛሬ መናገር ተፈቅዷል መሰለኝ። እኔ በዓይኔ አላነብም። ስልኩ ነው የሚያነብልኝ፤ የእህቴ ልጅ ጎንደር ሳለሁ አስተካክላልኝ ነው። ትምህርቱን ሁሉ እየጮኸ ያነብልኛል። የእርስዎ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቃል ብቻ ይላል። ‹ምስል› ይላል። ሌላ የለም። ስሕተት መስሎኝ ሦስት ሳምንት አልታየኝም እያልሁ ጻፍሁ። እርስዎም ከፍተው ይመልከቱ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሳወጣ ሳወርድ፣ ጥያቄው ራሱ ይኸው ይሆናል አልሁ። ምስል። ከዓይንህ የማይጠፋው ምስል የትኛው ነው ማለትዎ ይሆናል። እንግዲህ እኔ አንድ አለኝ።»

እኔ እጄን ስልኩ ላይ እንደጫንሁ ቀረሁ።

የነገረው ይህን ነው። ከአራት ዓመት በፊት በሰኔ፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ባለቀ ቀን፣ ከላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሞላ። ከወንዙ ማዶ የሚመጡ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩት። ልጆቹ ውሃ ሲሞላ ባዶ ጀሪካን በገመድ ከወገባቸው አስረው፣ እሱን እንደ ተንሳፋፊ አቅፈው መሻገር ለምደዋል። ሌላ ጊዜ የሚያሻግራቸው ዋናተኛ ጎልማሳ ነበር፤ ያን ቀን አልነበረም። መምህሩ ውሃው እስኪጎድል ጠብቁ አላቸው፤ እነሱ ግን ዳመናው እየከበደ ሲመጣ አይተው እንሻገር አሉ። እሱም ፈቀደላቸው። ዳር ቆሞ ሲሻገሩ ቆጠረ።

«ዓይኔ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ይዳከም ነበር» አለ። «ለማንም አልተናገርሁም። መጽሐፉን በቃሌ ስለማውቀው ክፍል ውስጥ አይታወቅብኝም። ከክፍል እንዳያወጡኝ ፈራሁ። ያን ቀን ማዶ ሲወጡ የሚታየኝ ጥላ ጥላ ነው። ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ ሆኑ። ዘጠነኛው ቢጫ ነበር፣ ከዳሩ ሥር ጋ። ቢጫ ሻርፕ የምታደርግ ልጅ ነበረችኝ፤ እሷ ናት አልሁ። ደህና ገቡ ብዬ ተመለስሁ። እሷ አልነበረችም። ጀሪካኗ ነው። ጀሪካኗ ብቻዋን ተሻግራ የሾላ ሥር ይዟት ቆማ ነበር።»

ልጅቱ ማታ እቤት አልገባችም። ልጆቹ ማዶ እንደወጡ ዝናቡን ፈርተው በየፊናቸው ስለሮጡ ማን እንደቀረ ልብ ያለ አልነበረም። ሰዎች መጥተው ሲጠይቁት «ዘጠኙም ተሻግረዋል፣ በዓይኔ ቆጥሬያለሁ» አላቸው። ከልጆቹ አንዷ ጀሪካኗን ዳር አግኝታ ይዛ ስለገባች፣ ለሁሉም ሰው ልጅቱ መሻገሯን የሚያረጋግጥ ሆነ። ስለዚህ ወንዙን የፈለገ የለም። የተፈለገችው በማሽላው ማሳ፣ በመንገዱ፣ በጠረፉ ነው። ሰው ወስዷት ወደ ሱዳን ተሻግራለች ተባለ። መምህሩ ስለ ቢጫው ነገር የገባው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ደጃፍ ላይ የቆመ የአንድ ሰው ቢጫ ጀሪካን አይቶ፣ ሰው መስሎት እንደምን ዋልሽ ካለው በኋላ።

«ያን ጊዜ አወቅሁ» አለ። «አልተናገርሁም። ምስሉ ይኸው ነው። መልሴ ይኸው ነው።»

ንግግሩ እዚህ አለቀ፤ ድምፁ ግን አላለቀም። መቅጃውን ማጥፊያው የት እንዳለ አላወቀም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ንፋስ ቆርቆሮውን ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ዶሮ ገብታ ወጣች። ከዚያ ከሩቅ፣ ሰው ለራሱ እንደሚያደርገው በሹክሹክታ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ይቆጥራል። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ያቆማል። እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አሥራ አንድ ደቂቃ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለምን እንዳልዘጋሁት አላውቅም፤ ብዘጋው ትቼው የምሄድ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ከሥሩ ያለውን ቁጥር ያየሁት። ኢንተርኔቱ እኛ ጋ በተቋረጠበት ጊዜ ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር። ሠላሳ ሦስት ሰው ሰምቶታል። ወዲያው ከገጹ አስወጣሁት። ከሠላሳ ሦስት ሰው ጆሮ ግን ምን ያስወጣዋል?

ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ያቺ የመተማ ዮሐንሷ አራስ መምህርት ናት። ሰላም አላለችኝም።

«ያ ሰውዬ እውነቱን ነው?» አለችኝ።

«የትኛው?» አልኋት፤ የቱን እንደምትል እያወቅሁ።

«ቢጫ ሻርፑን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ ናት።»

አላለቀሰችም። እንደ መዝገብ ጸሓፊ አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች፤ ሰውየው አሁንም እዚያው ትምህርት ቤት እንዳለ፣ አሁን ምን ያህል እንደሚያይ፣ ከእኔ ሌላ ማን እንዳወቀ። በመጨረሻ «እናታችን እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም» አለችኝ። «ዘጠኝ ነበሩ ብሏል መምህሩ ትላለች። መጥታ በሩን ብታጣውስ ብላ ከዚያ ቤት አልነቃነቅ ብላለች። እኔ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?»

ለመምህሩ ደወልሁለት። ድምፁ ለሁሉ ይሰማል ብዬ አለመንገሬን፣ የልጅቱ እህት መስማቷን ነገርሁት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልትመጣ ትፈልጋለች?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ትምጣ። እኔ ራሴ ለእናቲቱ እነግራለሁ። እስካሁንም እኔ ነበርሁ መንገር የነበረብኝ።»

በጥር መጀመሪያ፣ ሰሊጡ ገብቶ ማሽላው የሚታጨድበት ጊዜ፣ እኔና እህትየው ወደ ሽንፋ ወረድን። ከዚያ ወዲያ የገለጉ ጭነት መኪና አገኘን። ከኋላ ከደጋ የመጡ አጫጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተሳፍረዋል፤ የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ እየተቀላለዱ ይስቃሉ። እኛ ከሾፌሩ ጎን ነን። ሕፃኑ ጡት ይዞ ተኝቷል። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ እህትየው ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ጀሪካኑን በገመድ ማሰር ያስተማርኋት እኔ ነኝ» አለች። «እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበር የምሻገር። ቋጠሮውን ሁለቴ አጥብቂው ብያታለሁ። አጥብቃው ይሁን አይሁን አላውቅም።» ሾፌሩ ሰምቶ ሬዲዮውን ቀነሰ።

መምህሩ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የሣር ዳስ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀን። በሐሳቤ ሽማግሌ አድርጌው ነበር፤ አምሳ ዓመት እንኳ አይሞላውም። ሸሚዙ ተተኩሷል። የእግራችንን ድምፅ ሲሰማ ተነሣ፤ ፊቱን ግን ከእኛ ትንሽ ወደ ጎን አዞረ።

«ሕፃን ይዛችኋል» አለ።

«የእኔ ነው» አለች እህትየው። «እንደምን ዋሉ መምህር።»

ድምፅዋን ሲሰማ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ የክፍሎቹን በር ስቆጥር ነበር። ብዙ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት፣ ጥያቄው ግን ምን ነበር?»

«የመማሪያ ክፍልዎን እንዴት ያደራጃሉ ነበር የሚለው» አልሁት።

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። «በረድፍ» አለ። «በረድፍ ነው የማስቀምጣቸው።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥያቄውን ፎቶ ማድረጌን፣ ዜሮ መስጠቴን፣ ድምፁን ሳልነግረው ለሰው ማሰማቴን። ሲሰማኝ ቆየና «ጥያቄው በደንብ ተነብቦልኝ ቢሆን ስለ ወንበር ተናግሬ እተኛ ነበር» አለኝ። ማመስገኑ ይሁን መውቀሱ እስከ ዛሬ አልተለየልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ወንዙ በጥር ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሩት ነው። እህትየው ሕፃኑን አዝላ፣ ዝም ብላ እጇን ሰጠችው፤ ያዘ። ማዶ ሲወጣ ቆሞ፣ «ሥሩ አሁንም አለ?» ብሎ ጠየቀ። አለ። ትልቅ የሾላ ሥር ከዳሩ ወጥቶ ወደ ውሃው ተንጋዷል። አለ አልሁት። አልነካውም።

የእናትየው ቤት ከወንዙ ሩቅ አይደለም። ደጃፉ ተጠርጎ፣ አጥሩ ሙሉ ነው፤ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ይመስላል። እናትየው ልጇን ስታይ ደስ ብሏት ሕፃኑን ተቀበለች፤ ከዚያ መምህሩን አየች፤ ፊቷ በራ። የልጇን ወሬ ይዞ የመጣ መስሏት ነው። ያን ፊት ማየቴን እስከ ዛሬ አልተውሁም።

«መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ» አለችው።

አልተቀመጠም። ቆሞ ነገራት። በስልኩ ላይ እንደተናገረው ሳይሆን፣ በአጭሩ ነው የተናገረው። «ዘጠኝ አልነበሩም። ስምንት ነበሩ። እኔ አይታየኝም ነበር። ዘጠነኛዋ ጀሪካን ናት። ልጅዎ አልተሻገረችም። አውቄም አልነገርኋችሁም።»

እናትየው ሕፃኑን ለልጇ መለሰች። ገባች። ስትወጣ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፤ ምሰሶው ላይ ሰቅላው ኖሮ ጥቀርሻ ለብሷል። ውሃ ቀድታበት እንደማታውቅ ኋላ እህትየው ነገረችኝ። የመምህሩን እጅ ይዛ ጀሪካኑ ላይ አኖረችው።

«ይኸ ነው?»

በመዳፉ ዳሰሰው። አፉን፣ እጀታውን፣ እጀታው ላይ የቀረውን የገመድ ቁራጭ። ገመዱ ላይ ጣቱ ቆመ።

«እሱ ነው» አለ።

«ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቀኛል» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «የጠረፉ ጠባቂ ያውቀኛል። ከወዲያ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ አንዲት ልጅ አላየህም ብዬ ጠይቄዋለሁ። አራት ዓመት። አንተ እዚህ ከወንዙ ማዶ ነበርህ።» ያን ጊዜ ነው «እርስዎ» ማለቷን የተወችው።

«ነበርሁ» አለ።

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ከሥራ እንዳልወጣ ፈራሁ። ኋላ እርስዎን ፈራሁ።»

ነጠላዋን ፈታችና መቀነቷ ላይ አጥብቃ ታጠቀችው። ልጇን «ጎረቤቶቹን ጥሪ» አለቻት። ከዚያ ደጃፉ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና፣ ያቺን አራት ዓመት ያልጠራቻትን ልጅ በስሟ ጠራቻት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው ካጥር ወዲያ እየሰማ መምጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ ከማሳ የመጡ ወንዶች ማጭዳቸውን ደጅ እየጣሉ። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። መንደሩ ይህን ለቅሶ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

መምህሩ ምርኩዙን ፈልጎ ለመሄድ ሲነሣ እናትየው ቀና አለች።

«ቁጭ በል» አለችው። «ሰው ለቅሶ ላይ ተነሥቶ አይሄድም።»

ከወንዶቹ መካከል ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠ። ሦስቱንም ቀን እዚያው ነበር። ይቅር አለችው እንዳልል ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ አሁንም አልወጣም። ግን በሦስተኛው ቀን ምግብ ሲቀርብ፣ ሳህኑ የት እንዳለ ሲዳብስ አይታ እጁን ወደ ሳህኑ አስጠጋችለት። እኔ ያየሁት ይህን ነው።

መምህሩ ለወረዳው የዓይኑን ነገር ተናግሮ ከክፍል ወጣ። ጎንደር ሄዶ ታየ፤ ዘግይተሃል አሉት። ሥልጠናውን አልጨረሰም፤ እኔም ጨርስ ለማለት አፍ አልነበረኝም። በሦስት ዜሮዎቹ ፋንታ ምን እንደማስገባ ሳስብ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሙሉውን መስመር «ጥያቄው አልቀረበለትም» ብዬ ዘጋሁት። የበላይ ኀላፊዬ እንዲህ የሚባል ነገር በቅጹ ላይ የለም አለኝ። እንዲጨመር አደረግሁ።

ይህን ልጻፈው ብዬ ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ። እህትየው «የእሷን ስም ተዪው፤ አሁን እናቴ ብቻ ነች የምትጠራው» አለችኝ። እሱ «የሁላችንንም ተዪው» አለ።

በቀጣዩ ዓመት ጥያቄዎቹን እንደገና ጻፍኋቸው። ብዙ ሰው የማያየው ሥራ ነው፤ አንድ ሙሉ ክረምት ወሰደብኝ። ጥያቄው በፊደል አለ፣ ስልክ ያነበዋል፤ በእኔ ድምፅም አለ። በመጻፍም በመናገርም ይመለሳል፤ አልቻልሁም ያለ ደውሎ ይነግረኛል። የሰዓት ገደቡን አነሣሁ፤ የቃል ቁጥሩንም አነሣሁ። በየሳምንቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ስለ ሥራ ብቻ፤ የፈለገ የፈለገውን ይይዛል፤ ሁለቱንም መተው ለፈለገም ነጥብ አይቀነስበትም። ከሁሉ በፊት፣ ከጥያቄውም በፊት፣ ማን እንደሚሰማው ይነገረዋል። እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው፤ ለሌላ ሰው ይሰማ ካለ ራሱ ይፈቅዳል። ባልደረቦቼ አበዛሽው ይሉኛል። ሰው ስለ ወንበር እንዲናገር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ይላሉ።

ድምፁ አሁንም ይመጣብኛል። ሰዉ ሲናገር ሳይሆን ተናግሮ ሲጨርስ ነው የሚመጣብኝ። ስብሰባ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ አንድ ሰው ዝም ካለ ከዝምታው በስተኋላ የሚቆጥር ሰው አለ ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ። ባለቤቴ «ምን ትሰሚያለሽ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ።

በአዲሱ ዙር በሁለተኛው ሳምንት ከሳንጃ በኩል አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ።

«ከመናገሬ በፊት ልጠይቅዎ» አለኝ። «እርስዎ ብቻ ነዎት የሚሰሙት?»

«እኔ ብቻ።»

«እርስዎስ ለማን ይናገራሉ?»

«ለማንም» ልል ነበር፤ ተውሁት። «አስቤ እነግርሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድሁም፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው እኅቴ ዘንድ ሄጄ፣ ሻይ አፍልታልኝ፣ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት። እስኪመሽ አዳመጠችኝ። ሻዩን ሁለቴ ቀየረችልኝ።

በማግስቱ ለወጣቱ ደውዬ «ለእኅቴ» አልሁት።

«እሺ» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፁ ደረሰኝ። ሁለት ደቂቃ ነው። ገበያው ሰኞ ስለሚውል ሰኞ ሰኞ ስለሚያረፍዱ ልጆች ነው የሚናገረው፤ እየሳቀ።